ሊጉ ትቶት የሄደው ስታዲየም

ለገሃር ከታክሲ የወረደ ሰው ወደ መስቀል አደባባይ ጥቂት እንደተራመደ የአዲስ አበባ ስታዲየምን ያገኘዋል። ከውጭ ሲያዩት ገበያ ይመስላል። በግድግዳው ሥር የስፖርት ልብስ መደብሮች፣ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ማሊያ የሚያማርጥ ወጣት፣ ማኪያቶ ይዞ ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ፣ ባቡር ለመያዝ የሚሮጥ ሠራተኛ ይተላለፉበታል። በሩ አካባቢ ደግሞ ሁልጊዜ የማይጠፋ አንድ ስብስብ አለ። ቆመው ስለ ኳስ የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ስብስብ ውስጥ ስለ ዛሬው ጨዋታ ከሚወራው ይልቅ ድሮ እዚህ ስለተደረገው የሚወራው ይበዛል። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. ከከተማ ከተማ እየዞረ መካሄድ ሲጀምር፣ ስታዲየሙም ለእድሳት ሲዘጋ፣ የአዲስ አበባ ደጋፊ ለዘመናት የለመደውን የእሑድ ከሰዓት አጣ።

ይህ ጽሑፍ ስታዲየሙን ለማያውቀው ማስተዋወቂያ ነው። ግንባታውን ከማስተዋወቅ ሰዎቹ እንዴት ይኖሩበት እንደነበር መናገር ይሻላል፤ ኮንክሪቱን ማንም በራሱ ዓይን ሊያየው ይችላል።

ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ የነበረው ይህ ሜዳ በዘውዱ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስም የያዘ ነበር። ውስጡ እንደ ከተማ በሰፈር የተከፋፈለ ነው። ሹማምንትና እንግዶች የሚቀመጡት ክቡር ትሪቡን፣ ከፀሐይና ከዝናብ መጠለል የፈለገ የሚከፍልለት ጥላ ፎቅ፣ ከዚያም ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ። የትኬቱ ዋጋ ከፍና ዝቅ ቢልም ሰው የሚመርጠው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም። አባቱ ሚስማር ተራ ይቀመጥ የነበረ ልጅ፣ ሥራ ይዞ ደመወዝ ቢያገኝም ጥላ ፎቅ ለመውጣት ቶሎ አይጣደፍም። እዚያው ደረጃ ላይ ከጎኑ የሚቀመጠውን ሰው ያውቀዋል፤ የሙሉ ስሙን ግን ላያውቅ ይችላል። ሁለት ሳምንት የቀረ ደጋፊ ሲመለስ «ታመህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ለቅሶ ይደርሳሉ። እድር ሆኖ የተመዘገበ ነገር ሳይኖር የእድር ሥራ ይሠራ ነበር።

አብዛኛው የአዲስ አበባ ክለብ ይህንኑ አንድ ሜዳ ይጋራ ስለነበር በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ማየት የተለመደ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ የባንክ ወይም የመብራት ኃይል ክለብ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይዞ ያያል። የማይደግፈውን ቡድን ተጫዋቾች በቁመና፣ በግራ እግርና በቀኝ እግር የሚለይ ተመልካች የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በስልኩ የራሱን ቡድን ጎል ብቻ የሚያይ ወጣት ያንን እውቀት ከየት ያገኘዋል?

ወደ ኋላ ስንሄድ የክለቦቹ ታሪክ ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ይጋጠማል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት የጣሊያን ጦር ድንበሩን ተሻግሮ እየገሰገሰ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሳተፉ፤ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ተልዕኮ ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከአምስቱ የኢትዮጵያውያን የሚባለው አንድ ብቻ መሆኑን ያስተዋለ፣ ጊዮርጊስን የሚደግፉ ሽማግሌዎች ስለ ክለባቸው ሲያወሩ ለምን ስለ አገር የሚያወሩ እንደሚመስሉ ይገባዋል።

ስታዲየሙ ታላቁን ቀኑን ያየው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ ሲካሄድ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅ፣ እዚህ ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፆች በበደዊ ጎል በ35ኛው ደቂቃ መሩ። ተክሌ ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳያልቅ በደቂቃ ልዩነት በደዊ ደገመ። የቀረው ጊዜ ሲመናመን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አገባና ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። በጭማሪው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጨመሩ። 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን የተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነው። ቡድኑን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ፣ እርሱም የጊዮርጊስ ተጫዋች የነበረ፣ ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ያንን ዋንጫ አላነሳችም።

በ1960 ዓ.ም. ዋንጫው አዲስ አበባና አስመራ ላይ ሲካሄድ ኪንሻሳ ኮንጎ ወሰደችው፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ሞሮኮ። ሬዲዮ ያሳደገው ትውልድ ግን ከእነዚህ ይልቅ የሚያነሳው የታኅሣሥ 1980ን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ነው። ይድነቃቸው ካረፈ አራት ወር ገደማ ነው። ፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር አንድ እኩል አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ኢትዮጵያ አሸነፈች። የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ያንን ቀን ስታዲየም ላልገቡት ሚሊዮኖች አድርሷል፤ ገጠር ሆነው በሬዲዮ የሰሙት ሰዎች ሜዳው ውስጥ እንደነበሩ አድርገው ሲያወሩ ብትሰሟቸው ውሸት አይደለም፤ ለእነሱ እውነትም ነበሩ።

የእኔ ዘመን ሰው ሌላ ቀን አለው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው መጥተዋል። ሁለት ለባዶ ማሸነፍ ይበቃቸዋል፤ አንድ ጎል ከተቆጠረባቸው ግን ሒሳቡ ይበላሻል። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ፣ ቀጥሎ ሳላዲን ሰይድ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። የዚያን ዕለት ማታ ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከለገሃር እስከ ፒያሳ መኪና መሄድ አልቻለም፤ ጊዮርጊስና ቡና በአንድ ባንዲራ ሥር ሲጨፍሩ ያየ ሰው አይረሳውም። በቀጣዩ ሰኔ ደቡብ አፍሪካን እዚሁ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ለዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ሲቀረን ናይጄሪያ በኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ጎሎች 2 ለ 1 አሸነፈችን። ሰው ዝም ብሎ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ ሲወጣ፣ የጫማ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

የብሔራዊ ቡድኑ ቀናት ጥቂት ናቸው። የስታዲየሙን የዕለት ኑሮ የያዘው ሊጉ፣ ከሊጉም ሸገር ደርቢ ነበር። ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ወረፋው ከንጋት በፊት ይጀምራል። ጊዮርጊስ ከሠላሳ በላይ የአገሪቱን ሻምፒዮና ያነሳ ክለብ ነው። ቡና ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። የዋንጫው ቁጥር ይህን ያህል ሲራራቅ ፉክክሩ መቀዝቀዝ ነበረበት። የቡና ደጋፊ ግን ዋንጫ ባይኖረውም ዜማና ብዛት ነበረው፤ ዘጠና ደቂቃ ሳያቋርጥ ይዘፍናል፤ ወዲያ ማዶ ያለው የጊዮርጊስ ፈረሰኛም መልሱን ያዘጋጃል። ከሁለቱ ወገን አንዱ ቢጎድል የሌላው ዜማ ትርጉም የለውም። ይህን ነው ሰው የሚናፍቀው፤ ጎሎቹን በቪዲዮ ማየት ይቻላል።

ታዲያ ሊጉ ለምን ሄደ? የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በዚያው ወቅት ሊጉን የሚያስተዳድረው የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ከዲኤስቲቪ ጋርም የቴሌቪዥን ስርጭት ውል ተፈረመ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ በስምንት ከተማ የሚደረግ ጨዋታን በጥራት ለማሰራጨት ብዙ የካሜራ ቡድን፣ ብዙ መኪና፣ ደረጃውን የጠበቀ ብዙ ሜዳ ያስፈልጋል። ክለቦቹን ሁሉ አንድ ከተማ ሰብስቦ ጥቂት ዙሮችን በአንድ ሜዳ ማጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ መሻገር ወጪውን ይቀንሳል፤ ለበሽታ ጥንቃቄም ያመቻል። በዚህ መልክ በ2013 ዓ.ም. 13 ክለቦች ከአዲስ አበባ ጀምረው ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ዞሩ፤ ፋሲል ከነማም ሻምፒዮን ሆነ። ስታዲየሙም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን የተመልካች ወንበር፣ የመልበሻ ክፍልና የመገናኛ ብዙኃን ቦታ ስላላሟላ እድሳት ገባ።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። ጊዮርጊስን በዓይኑ ሊያይ የማይችል የነበረ የጅማ ልጅ አየው። ክለቦች ከመንግሥት በጀት ውጭ ገቢ አገኙ። አዲስ አበባ ሁሉንም ለራሷ ይዛ የኖረችበት ዘመን ፍትሐዊ ነበር ማለትም አልችልም። ነገር ግን ክለብን ከሰፈሩ ለይቶ በሆቴል እያሳደሩ ለሳምንታት ሌላ ከተማ ማጫወት ደጋፊውን ወደ ተመልካችነት ያወርደዋል። ባለ ቤት የሌለው ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ቡድን እንግዳ ነው። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ሐዋሳ ላይ ሲደረግ የሚሄደው የአውቶቡስ ገንዘብና የዕረፍት ቀን ያለው ነው፤ ሚስማር ተራ ይቀመጥ የነበረው የቀን ሠራተኛ ቤቱ ወይም ዲኤስቲቪ ያለበት ግሮሰሪ ይቀራል።

አሜሪካኖችም በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ይህንኑ ያለቅሳሉ። እዚያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩት ኮንፈረንስ በሚባል የአካባቢ ማኅበር ነው። ሲራክዩስና ጆርጅታውን በ1979 እ.ኤ.አ. ቢግ ኢስትን ከመሠረቱት መካከል ናቸው፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚያደርጉት ውድድር ለከተማው በዓል ሆኖ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲራክዩስና ኮኔቲከት ስድስት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው 127 ለ 117 የተለያዩት እዚያ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲራክዩስ የቴሌቪዥን ገንዘብ ወደበዛበት ሌላ ኮንፈረንስ ሄደ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓክ 12 ከሚባለው የምዕራብ ጠረፍ ማኅበር ከ12 አባላት 10ሩ በአንድ ክረምት ወጡ፤ የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ አሁን ለኮንፈረንስ ጨዋታ አገሩን አቋርጦ ኒው ጀርዚ ድረስ ይበርራል። እነሱ ባላጋራቸውን አጡ፤ እኛ ባላጋራችንን ይዘን የምንገናኝበትን ቦታ አጣን። በሁለቱም አገር ውሳኔውን የገፋው አንድ ነው፤ ካሜራውን የሚከፍለው ወገን ደረጃው ላይ ከሚቀመጠው ይልቅ ተሰማ።

ብሔራዊ ቡድኑም ከአገር ወጥቶ ነበር። ደረጃውን ያሟላ ሜዳ ስለጠፋ የሜዳችን ጨዋታ ውጭ አገር ይደረግ ጀመር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከ1954ቱ ፍጻሜ 60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ የሜዳችን የሆነው ያ ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ለገሃር ላይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያ ማታ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ያማል። ሉቺያኖ ቫሳሎ ከዚያ ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ መስከረም 2015 ላይ ጣሊያን ውስጥ አረፈ።

ወደ ፊት ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ትልልቆቹን ጨዋታዎች እንደሚወስድ ይታሰባል። መውሰዱም ተገቢ ነው። የሊጉ ዙር ሜዳም ለቴሌቪዥኑ ሲባል ይቀጥል እንበል። ለአክሲዮን ማኅበሩና ለሁለቱ ክለቦች የማቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው። የሸገር ደርቢ፣ ቢያንስ ከሁለቱ ዙር አንዱ፣ በየዓመቱ በታወቀ እሑድ በአዲስ አበባ ስታዲየም ይደረግ። ለአንዱ ጨዋታ ካሜራዎቹ ወደ ለገሃር ይምጡ። የካታንጋና የሚስማር ተራ ትኬት የቀን ሠራተኛ በሚችለው ዋጋ ይሸጥ፤ ወንበር ስለተተከለ ቦታው ጠቦ ከሆነም የሚቀነሰው ከክቡር ትሪቡን ይሁን።