ከመሬት የሚመጣው ብርድ

ሳንቃበር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ብርዱ ጊዜ አይሰጥም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ይህ የድንኳን ሰፈር፣ ቀን በቲሸርት የዋለውን ተጓዥ ማታ ጋቢ ያስደርበዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ሌሊት ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ገዝቶ ከሥሩ ግን ስስ ስፖንጅ የሚያነጥፍ አዲስ ተጓዥ ብዙ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረቱ ሞቆ፣ ጀርባው ቀዝቅዞ ይነቃል።

ጥፋቱ የስሊፒንግ ባጉ አይደለም።

ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ ባመቀው አየር ነው። ሰው ሲተኛበት ከጀርባው ሥር ያለው ሙሌት ይጨፈለቃል፣ አየሩም ይወጣል፤ ያኔ የገላ ሙቀት ወደ መሬት ይፈስሳል። የደጋ ሰው ይህን በአጎዛ ያውቀዋል። ባዶ ቁርበት ላይ ያደረና ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ የበግ አጎዛ ላይ ያደረ ሰው ሌሊታቸው እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ በጠጉሩ መሃል የተያዘው አየር ነው።

የካምፕ ፍራሾች ይህን ሙቀት የመያዝ አቅም አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገልጹታል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወደ መሬት የሚያመልጠው ሙቀት ያንሳል። ቀድሞ አምራቾች በየራሳቸው መንገድ ይለኩ ስለነበር የአንዱን ቁጥር ከሌላው ማነጻጸር አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው የደረጃዎች ተቋም አንድ ወጥ መለኪያ አወጣ። ፍራሹ በአንድ ሙቅና በአንድ ቀዝቃዛ ሳህን መካከል ይደረግና፣ ሙቁ ሳህን እንዳይቀዘቅዝ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ ይለካል።

ላንጋኖ ዳር ለሚያድር ሰው አር-ቫልዩ 2 አካባቢ ይበቃዋል። ለሰሜን ተራሮች፣ ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ ለሆነው የባሌው ሳነቴ ግን 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ደግሞ ይደመራሉ፤ 2 ባለው ስፖንጅ ላይ 3 ያለው ፍራሽ ቢነጠፍ 5 ይሆናል። ውድ ፍራሽ መግዛት ለማይችል ይህ ትልቅ መላ ነው።

የፍራሹ ዓይነት ሦስት ነው። አንደኛው ውሃ የማይመጥ ጠጣር ስፖንጅ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ የግራር እሾህ ቢወጋው እንኳ አገልግሎቱን አያቋርጥም። ስለዚህ ለስምጥ ሸለቆ ሜዳ ይመቻል፣ ለጎን ግን ይቆረቁራል። ሁለተኛው በውስጡ ስፖንጅ ያለውና ቫልቩ ሲከፈት ራሱ አየር ስቦ የሚነፋው ነው። ይህን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲያትል ውስጥ የሠሩት ቀድሞ ቦይንግ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ናቸው፤ ቴርማሬስት የሚለው የፍራሽ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛው በአየር ብቻ የሚነፋው ነው። ሲጠቀለል የውሃ ኮዳ ያህላል፣ ሲነፋ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊወፍር ይችላል፤ አንዲት እሾህ ግን ሌሊቱን ታበላሻለች። በተጨማሪ፣ ውስጡ ሙቀት የሚይዝ ንብርብር ከሌለው፣ የቱንም ያህል ቢወፍር አየሩ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ወደ መሬት ያወርደዋል።

ምቾት ግን ከአተኛኘት ይጀምራል። በጀርባው የሚተኛ ሰው በስስ ፍራሽ ሊያድር ይችላል። በጎኑ የሚተኛው ክብደቱ ትከሻውና ዳሌው ላይ ስለሚያርፍ ወፍራም ፍራሽ ይፈልጋል። የተለመደው ስፋት 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ትከሻው ሰፊ ለሆነ ወይም ለሚገላበጥ ሰው 64 ገደማ የሆነውን መምረጥ ይሻላል።

አነፋፉም ለውጥ ያመጣል። ፍራሹን ድርቅ እስኪል መንፋት ከጣውላ ላይ እንደ መተኛት ነው፤ በጎን ተኝቶ፣ ዳሌ መሬቱን ሳይነካ ትንሽ እስኪሰምጥ ድረስ አየሩን ቀስ እያሉ መቀነስ ይረዳል። ሌሊት ሲበርድ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ፍራሹ መላላቱ አይቀርም፤ ሁልጊዜ ተበስቷል ማለት አይደለም።

እርግጠኛ ለመሆን ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ ማደር ነው። ጠዋት ከላላ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው፣ የፓርኩ መግቢያ ከሆነችው ደባርቅ ሳይደረስ በማጣበቂያ ይደፈናል።