ደም ከጂንካ፣ መልስ ከጉለሌ

በ2005 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። ትኩሳት ያደከማቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች በሸክም ይመጡልን ነበር። አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ «ሲስተር፣ ልጄን ምንድን ነው ያመመው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የበሽታው ማረጋገጫ የመጣው ሴኔጋል፣ ዳካር ካለው ላቦራቶሪ ነው። የክትባት ዘመቻው በሰኔ ወር ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከታመሙ ወራት አልፈዋል።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጂንካ አዲስ ስም ሰማች፤ ማርበርግ። በአገራችን ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። መጨባበጥ ቀረ፤ ለቅሶ ቤት መሄድ እንኳ አስፈራ። የልጅ ልጄን ከደጃፍ ሆኜ «እንዴት ዋልሽ?» ብዬ እመልሳት ነበር። ከሞቱት መካከል የሙያ ባልደረቦቼ ስለነበሩበት ሐዘኑ ከቤታችን አልራቀም።

መልሱ ግን በዚህ ጊዜ ከአገር ቤት መጣ። እኛ የድሮዎቹ «ፓስተር» የምንለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ጉለሌ ላይ ናሙናውን መረመረ። ጥርጣሬው በተነገረ በቀናት ውስጥ፣ ኅዳር 5 ቀን፣ ማርበርግ መሆኑ ተረጋገጠ። የዘረመል ምርመራውም ቫይረሱ ቀደም ሲል በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከታየው ጋር አንድ ዝርያ መሆኑን አሳየ።

የልጅ ልጄ «እማማ፣ የቫይረስ ዝርያ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። ቫይረሱ በውስጡ ጽሑፍ አለው፤ የማርበርግ ወደ 19,000 ፊደል ይሆናል። ድሮ ዳዊት በእጅ ሲገለበጥ አንዱ ጸሐፊ የሳታትን ፊደል ከእሱ የገለበጠውም ይደግማታል። ስሕተቷን የተከተለ ሰው ማን ከማን እንደገለበጠ ይደርስበታል። ቫይረስም ሲራባ ራሱን ይገለብጣል፤ አልፎ አልፎም ይስታል። የታማሚዎቹ ጽሑፍ እጅግ ከተቀራረበ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ነው፤ የነኳቸውን ሰዎች መፈለግ ነው። በጣም ከተራራቀ ግን ከሌሊት ወፍ በተደጋጋሚ እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ዋሻውንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ 66 ሰው ሲታመም፣ በሽታው ከአንድ ምንጭ መነሣቱ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ንባብ ገንዘብ ይፈልጋል። ማሽን በእርዳታ ሊመጣ ይችላል። ኬሚካሉ ግን ጊዜው ያልፍበታል፤ ማቀዝቀዣው መብራት፣ ባለሙያው ደመወዝ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ማቀናጀቱ ነው፦ ናሙናውን ከገጠር ጤና ጣቢያ ሳይበላሽ ማድረስ፣ ውጤቱን ቶሎ መመለስ፣ ለጎረቤት አገር ማካፈል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2013 ዓ.ም. ላቦራቶሪዎችን የሚያስተባብር የ100 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ሲጀምር፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ ለጋሾችና ኩባንያዎች ነበር። ለጋሽ ፊቱን ያዞረ ዕለት ሥራው እንዳይቆም፣ መንግሥት በየዓመቱ የራሱን በጀት ሊይዝለት ይገባል።

«ጓንት በሌለበት ጤና ጣቢያ ስለ ዘረመል ማሽን ታወሪያለሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጓንት በሌለበት ሠርቻለሁ፤ ጥያቄው እውነት ነው። ነገር ግን ጓንት የሌላት ነርስ ያንን ደም ልትቀዳ አትችልም። ሁለቱ የአንድ ሰንሰለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ ከተበጠሰ ሌላው ዋጋ የለውም።

የሰንሰለቱ መጀመሪያ ደግሞ እኛ ቤት ነው። የታመመ ልጅ አንደብቅ፤ ናሙና ሲጠየቅ አንከልክል። የቀበሌና የወረዳ ስብሰባ ላይም ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደምንጠይቀው፣ «ደማችን የት ይሄዳል? መልሱስ መቼ ይመጣል?» ብለን እንጠይቅ።

ወረርሽኙ ማብቃቱ በጥር ወር ታወጀ። የልጅ ልጄንም አቅፌ ሳምኳት። ያቺ እናት ዛሬ ብትጠይቀኝ ኖሮ መልስ ይኖረኝ ነበር። ከእኔ በኋላ የሚመጡት ነርሶች መልስ አጥተው እንዳይቆሙ ነው የምፈልገው።