አፍንጫ የማይደርስበት የሆስፒታል ጋዝ

ይህ ዓምድ ዘወትር ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግሪን ካርድ ነው የሚያወራው። ዛሬ ግን ከታክሲውና ከሱቁ ወጣ ብለን፣ ብዙዎቻችሁ ባለቤታችሁን ወይም እህታችሁን ሌሊት ወደምታደርሱበት ሆስፒታል እንግባ። በዚያ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በሚዘጋጅበት ክፍል፣ ሙቀት የማይችሉ ዕቃዎች ኤትሊን ኦክሳይድ በተባለ ጋዝ ጀርማቸው ይገደላል። ሠራተኛው በአጭሩ «ኢቲኦ» ይለዋል።

ጋዙ ቀለም የለውም። ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኦሻ) በ8 ሰዓት ሥራ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ከ1 እጅ እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ወስኗል። አፍንጫ ግን የሚያውቀው በመቶዎች ሲደርስ ነው! ስለዚህ «ምንም አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ከሸተተ ደግሞ ወዲያው ከክፍሉ መውጣት ነው።

ሲበዛ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል። ለዓመታት ሲተነፍሱት የደምና የጡት ካንሰር ያመጣል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ከፅንስ መጨናገፍ ጋርም ስለሚያያዝ እርጉዝ የሆነች ሠራተኛ ቶሎ ሐኪሟን ታማክር።

አደጋው የሚበረታው የማሽኑ በር ሲከፈት ነው። ፕላስቲክ ጋዙን ይመጣል፤ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙውን ጊዜ 12 ሰዓት ያህል አየር ሊያገኝ ይገባል። «ሐኪሙ ይፈልገዋል» ተብሎ ቀድሞ የሚወጣ ዕቃ ሠራተኛዋንም በሽተኛውንም ይጎዳል።

አሁን ወደ መብቱ። በግል ሆስፒታል የሚሠራ ሰው የአየሩን ልኬት ውጤት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ ማሳየት አለበት። ልኬቱ ግማሽ እጅ ደርሶ በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ የሠራች እንደሆነ የሕክምና ምርመራው በአሠሪው ወጪ ነው። ወረቀት የሌለው ሰውም ቢሆን ለኦሻ ማመልከት ይችላል፤ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ፍርሃት ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል። በማመልከቷ ከሥራ ብትባረር ግን በፌዴራሉ ሕግ አቤት የምትለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። እንግዲህ በር የከፈተችበትን ቀንና ሰዓት፣ የተሰማትንም ሕመም በማስታወሻ ጽፋ ቤቷ ታስቀምጥ፤ የሥራ ቦታው ቁም ሣጥን ውስጥ አይደለም።