ያውቁ ኖሯል? በምስጢር የተላከው መዝገብ
በአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ላይ ድምፁ የሚሰማው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሁቨር ተቋም ሲጀመር ሥራው ወረቀት መሰብሰብ ነበር። ኸርበርት ሁቨር ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው 10 ዓመት በፊት፣ በ1919 እ.ኤ.አ.፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰነዶች እንዲሰበሰቡ 50,000 ዶላር ሰጡ።

ከስብስቡ በጣም የሚገርመው የሩሲያ ዛር ምስጢራዊ ፖሊስ የፓሪስ ቢሮ መዝገብ ነው። በስደት ያሉ አብዮተኞችን የሚከታተሉ ሰላዮች ሪፖርት ይዟል። በፓሪስ የነበሩት የሩሲያ አምባሳደር ቫሲሊ ማክላኮቭ ሥልጣን በያዙት ቦልሼቪኮች እጅ እንዳይገባ በድብቅ ወደ ካሊፎርኒያ ላኩት፤ እሳቸው ሳይሞቱ እንዳይከፈትም ተቋሙን ቃል አስገቡ። ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው።

ዛሬ ተቋሙ በወግ አጥባቂነቱ ይታወቃል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመሩትም የቀድሞዋ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስ ናቸው። ቤተ መዛግብቱ ግን የየትኛውም አቋም ተመራማሪ ገብቶ የሚያነብበት ነው።