ደመወዝዎን ለጩኸት አይክፈሉ

የወር ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ እምብዛም የማይተርፈው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም ሳንቲም እየቆጠበ የሚያጠራቅም ተማሪ፣ ለቤቱ የሙዚቃ መስሚያ ለመግዛት በተነሣ ጊዜ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም፣ «ያለኝን ገንዘብ በየትኛው ዕቃ ላይ ባውለው ይሻለኛል?» የሚል ነው። በሱቁ በር ላይ የሚያስተጋባው ትልቅ ሣጥን ዐይንን ይስባል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥርም ልብን ያሞቃል። ነገር ግን ዕቃው ቤት ገብቶ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ፣ የተገዛው ዜማ ሳይሆን ጩኸት መሆኑ ይታወቃል። ውድ አንባቢ፣ እንዲህ ያለው ጸጸት እንዳይደርስብዎ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥሞና ይመልከቱት።

በመጀመሪያ ስቴሪዮ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለዚህ ጥበብ የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሁለት ጆሮ ስላለው፣ ድምፁ በሁለት መሥመር ቢደርሰው ዘፋኙ የት እንደቆመ፣ ክራሩም ከወዴት እንደሚመታ ለይቶ ያውቃል። የስቴሪዮ ሸክላ በገበያ ላይ በሰፊው መዋል የጀመረው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። እንግዲህ ስቴሪዮ በሙሉ ጸጋው የሚገኘው ሁለት ስፒከር ተራርቀው ሲቀመጡ ነው።

አምፕሊፋየርና ስፒከር የየራሳቸው ተግባር አላቸው። አምፕሊፋየር ከእጅ ስልክ ወይም ከቴፕ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያበረታል። ስፒከር ደግሞ ያንን ተቀብሎ አየሩን በማንቀጥቀጥ ድምፅ ያደርገዋል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1925 ያስታወቁት አሠራር እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ስፒከሮች ውስጥ ይሠራበታል። ይኸውም በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል፣ እንደ ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ ወረቀት እየገፋ አየሩን እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ ድምፁን ሳያጣምሙ ማከናወን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በደንብ የተሠሩ ሁለት አምፕሊፋየሮች ከዐቅማቸው በላይ ካልተጫኑ በድምፅ እምብዛም አይለያዩም፤ ሁለት ስፒከሮች ግን ማንም ሰው በሚሰማው ያህል ይለያያሉ። ከገንዘብዎ ከግማሽ የሚበልጠውን ለስፒከር ማዋል የሚገባዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ዋት ቁጥር ደግሞ ይጠንቀቁ። በአንዳንድ ካርቶን ላይ 1,000 ዋት ወይም ከዚያ የበለጠ ተጽፎ ይታያል። እውነቱን ለማወቅ ዕቃውን አዙረው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከመብራት መሥመሩ የሚወስደው 60 ዋት ነው የሚል ከሆነ፣ ያለማቋረጥ 1,000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ያልተቀበለውን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ባለሱቁን መጠየቅ የሚገባዎት፣ አምፕሊፋየሩ በእያንዳንዱ መሥመር ሳያቋርጥ የሚሰጠው፣ አርኤምኤስ የሚባለው ዋት ስንት እንደሆነ ነው።

ደግሞም ጆሮ እንደ ገንዘብ ያዥ አይቆጥርም። ባለ 50 ዋቱን በባለ 100 ዋት ቢለውጡ የሚጨመረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ልዩነት ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኀይሉ ዐሥር ጊዜ ያህል መብዛት አለበት። በአንጻሩ ግን በ1 ዋት 87 ዴሲቤል በሚሰጥ ስፒከር ፈንታ 90 የሚሰጠውን ቢመርጡ፣ የአምፕሊፋየሩን ኀይል እጥፍ ያደረጉ ያህል ነው። ለአንዲት ክፍል ቤት በእውነት የተለካ 30 ወይም 40 ዋት ይበቃል። ነገር ግን ደካማውን አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማስጮህ ድምፁን ያጣምማል፤ ትዊተር የምትባለውን ትንሿን ስፒከርም ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለቱ ዕቃዎች እንዲስማሙ የኦሙን ቁጥር ያስተያዩ። አምፕሊፋየሩ ከ8 ኦም በታች አይቀበልም ከተባለ፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር አይግጠሙበት፤ ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎ አምፕሊፋየር ከሆነ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። የአሜሪካ መሥመር 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ቮልት መለወጫ ከሌለው፣ ዐቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ አንዲት ብር ሳያወጡ ሊያደርጉት የሚችሉት ማሻሻያ አለ። ሁለቱን ስፒከሮች ከማዕዘን አውጥተው፣ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ አድርገው፣ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያህል በመተው ያስቀምጧቸው። እርስዎም ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ይቀመጡ። ትዊተሯ በጆሮዎ ቁመት ትሁን። ከዚያም የአንድ ሰው ንግግር ያሰሙ። ድምፁ ከመካከል ካልመጣ፣ ወፍራሙም ድምፅ ከሳስቶ ከተሰማ፣ ሽቦው ተገልብጦ ታስሮ ይሆናልና አምፕሊፋየሩን አጥፍተው የአንዱን ስፒከር ሽቦ ይለውጡ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉም ሴራሚክ የሆነ ክፍል ድምፁን እያስተጋባ ያደባልቀዋል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግን ያረጋጋዋል። ለሽቦ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ለጥቂት ሜትር ርቀት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ድምፁ አሁንም ካላረካዎት፣ ያን ጊዜ ወደ ሱቅ ይሂዱ። አምፕሊፋየርዎ ደኅና ከሆነ እሱን ትተው ስፒከሩን ብቻ ይለውጡ። ሲመርጡም የሚያውቁትን ዜማ ይዘው ይሂዱ እንጂ ባለሱቁ በመረጠው አይፍረዱ። ሁለት ስፒከሮችን ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ፤ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። የበገና ድምፅ ለዚህ ፈተና መልካም ነው። በገና ከአውታሩ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ አለው፤ በአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የተነሣም ይነዝራል። ጥሩ ስፒከር ሁለቱን ለይቶ ያሰማል፤ መጥፎው ግን አደባልቆ የተቀደደ ያስመስለዋል።

በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። ቃሉ ሳይጠፋ፣ ዜማው ሳይደበዝዝ ከተሰማዎት ያንን ይግዙ። ሲጮህ ብቻ የሚያምር ዕቃ ገንዘብ ከመጨረሱ በላይ ከጎረቤት ያጣላል፤ ዝቅ ብሎ የሚጣፍጥ ግን ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ግድግዳ የሚጋራዎትን ሰው ሳያስቀይም ድካምዎን ያስረሳዎታል።