የሲሪንቃ ካርታ የት ይገኛል?

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ሲሪንቃ፣ ከሀብሩ ወረዳ ውጭ የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ስለ ማሽላ፣ ስለ አቀንጭራ፣ ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ የተጻፉ ብዙ ጥናቶች «የጥናቱ ቦታ» በሚለው ክፍላቸው ያነሷታል፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ መሆኑንም ይነግሩናል። እዚያው ገጽ ላይ ባለቀለም ካርታ ይኖራል። ካርታው ከየት እንደመጣና ወሰኑ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ለሚጠይቅ ግን ጥራዙ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም።

ካርታ የሚሠራበት ጂኦስፓሻል መረጃ ማለት በምድር ላይ ያለው ቦታ አብሮ የተመዘገበ መረጃ ነው። የውኃ ጉድጓድ፣ መንገድና የቀበሌ ወሰን በነጥብ፣ በመስመርና በቅርጽ ሲያዙ ቬክተር ይባላሉ። የሳተላይት ምስል፣ የዝናብና የከፍታ መረጃ ደግሞ በእኩል ፒክስሎች ተከፍሎ ሲቀመጥ ራስተር ይባላል። ትርጉሙ ይኼው ነው፤ አስቸጋሪው ማግኘቱና ያገኙትን ማወቁ ነው።

የአገራችን መሠረታዊ ካርታዎች ባለቤት የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ነበር፤ ሥራው ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። በ1:50,000 መስፈርት የተሠሩት ካርታዎቹ፣ አንዱን ሴንቲ ሜትር በ500 ሜትር የሚተምኑት ማለት ነው፣ አሁንም ተፈላጊ ናቸው። ወጥመዳቸው ዳተሙ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መነሻ ሥርዓት፣ ነው። ካርታዎቹ የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ በተዘረጋውና በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ ባለው ነጥብ በተሰየመው «አዲንዳን» ላይ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓለም አቀፉን ደብልዩጂኤስ 84 ይከተላል። የአንዱን ዳተም የዩቲኤም ቁጥር፣ ማለትም በሜትር የተሰጠ የቦታ ልኬት፣ በሌላው ላይ ያነበበ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል፤ በሀብሩ የማሳ ስፋት ይህ የብዙ ሰው ድንበር መሻገር ነው።

በዚሁ ተቋም ውስጥ ተረስተው የቆዩ የጣሊያን ጊዜ የአየር ፎቶግራፎችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 የተነሡት እነዚህ ወደ 34,000 የሚጠጉ ፎቶዎች በ8,281 ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎችም ስለ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ጽፈዋል። «ድሮ ወሎ ሁሉ ደን ነበር» እያልን በአፍ ለምንከራከር ሰዎች ከዚህ የተሻለ ዳኛ የለም፤ የሚፈልጉት ቀበሌ በፎቶዎቹ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ግን ያስፈልጋል።

የሳተላይቱ ወገን ቀላል ነው። ላንድሳት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያነሣው ምስል እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ለሁሉም በነፃ ተከፍቷል። በአሁኑ የ30 ሜትር ፒክስሉ አንድ ጥማድ ማሳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ በሴንቲኔል-2 የ10 ሜትር ፒክስል ግን 25 ይደርሳል። ክረምት ላይ ደመናው አላሳይ ሲል ደመና የማያግደው የሴንቲኔል-1 ራዳር አለ። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይቷ የምድር ቅኝት ሳተላይት ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለው ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ ግን ሲሪንቃ ላይ ጥንቃቄ ይሻል፤ ፒክስሉ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የተራራውን ግርጌና አናት በአንድ ቁጥር ሊጠቀልል ይችላል። ለእንዲህ ያለ ተዳፋት አገር የጣቢያ መዝገብ ሳያመሳክሩ በዚህ ብቻ መደምደም ድፍረት ነው።

ወሰንም ሌላ ራስ ምታት ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም.ቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተከፈለ ወይም የተቀላቀለ ቀበሌ ካለ የሕዝቡ ቁጥርና ቅርጹ አይገጥሙም። የእያንዳንዱ አርሶ አደር የይዞታ ካርታ ደግሞ በመሬት አስተዳደር እጅ ነው፤ የሰው ስም ያለበት መረጃ በመሆኑ እንደልብ የሚታደል አይደለም፣ መታደልም የለበትም።

ታዲያ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምን ይሠራል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ካርታዎችን አስቀምጧል። በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የካርታ ስብስቡን በኢንተርኔት ከፍቷል፤ ስታንፎርድ ደግሞ መረጃን በቦታ የሚፈልግ ማውጫ ዘርግቷል። ለሲሪንቃ ቅርብ የሆነው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የግብርና ትምህርቱም መርሳ ላይ ይሰጣል። እዚያ ያለ ተማሪ ሲፈልግ የቦታውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይሞክር፤ ወልድያ ብቻዋን ሦስትና አራት ዓይነት ተጽፋ ትገኛለች። የላይብረሪ ባለሙያውንም «ካርታ አላችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የትኛውን ቦታ፣ የየትኛውን ዓመት፣ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚፈልግ ይንገረው። ፋይሉ ሲገኝም ከመክፈቱ በፊት ሜታዳታውን ያንብብ፦ ማን ሠራው፣ መቼ፣ በየትኛው ዳተም፣ በምን ፈቃድ።

በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት ከውጭ የሚመጣው መረጃ አይደለም። ተማሪው ለመመረቂያ ጥናቱ ወንዝ ለወንዝ ዞሮ በጂፒኤስ የለካው፣ የአፈር ናሙና የወሰደበት ነጥብ፣ ያስተካከለው የተፋሰስ ወሰን በፍላሽ ቀርቶ ይጠፋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚረከበው የታተመውን ሥዕል ነው። ተከታዩ ተማሪ ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የጥናቱን ጥራዝ ሲረከቡ ሼፕፋይሉን (የቬክተር መረጃውን ፋይል) እና አጭር ሜታዳታውን አብረው ይጠይቁ፤ የግለሰብ ይዞታ የሚያሳየው ተለይቶ በፈቃድ ይያዝ፤ ሌላው ይከፈት። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በመረከቢያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።