መርዶና የመንፈስ ቁስል በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ፥ ከአንኮበር ደጋ እስከ ደብረ ብርሃን ከተማ፥ የሩቅ ሞት እንዲያው በድንገት አይነገርም። ዘመዱ በሌላ አገር የሞተበት ሰው ቢኖር፥ ወሬውን አስቀድመው የሚይዙት ጎረቤቶቹና የዕድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱም በምስጢር ይመካከራሉ፤ ዘመድ ከያለበት ይጠራል፤ ከዚያም ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ። መርዶ የሚባለው ይህ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ ለመንፈስ ጤና ያለውን ጥቅም፥ በቅርብ ዓመታትም በመቋረጡ የመጣውን ጉዳት ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ የደረሰበት ሰው፥ ነገሩ ካለፈ በኋላም ሰውነቱ እንዳላለፈ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ያየው ነገር በቅዠት ይመለስበታል፤ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። አደጋው የተደጋገመና መሸሻ የሌለው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በነዚህ በሦስቱ ላይ ሌሎች ሦስት ይጨመራሉ። አንደኛው ቁጣንና ሐዘንን መግታት ማቃት ወይም ጨርሶ መደንዘዝ፥ ሁለተኛው ራስን ከንቱና በደለኛ አድርጎ መቁጠር፥ ሦስተኛው ከሰው መራቅ ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ኸርማን ይህን በ1992 እ.ኤ.አ. ለይታ ጻፈች፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች መዘርዝር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስገባው። እዚህ ላይ ተደራራቢ የመንፈስ ቁስል የምንለው ይህንኑ ነው።

ተደራራቢ የሚለው ቃል ለዚህ አገር የሚስማማ መሆኑን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያሳያል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ በግጭት ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። ከወለጋ ግድያ የሸሹ ብዙ ቤተሰቦችም በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ሠፈሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች መጠጊያ ባገኙበት ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ከአንዱ መከራ ያመለጠ፥ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሁለተኛው ደረሰበት።

አሁን ወደ መርዶ እንመለስ። ሥርዓቱን በጥንቃቄ ስንመለከተው ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ ሐዘንተኛው ክፉውን ቃል ብቻውን አለመስማቱ ነው፤ ደረቱን ሲደቃ እጁን የሚይዝ አለ። ሁለተኛው፥ ለቅሶው የተፈቀደለት መሆኑ ነው፤ ነጠላ ይዘቀዘቃል፥ ሙሾ ይወጣል፥ ጎረቤት ምግብ ያቀርባል። ሦስተኛው፥ ሐዘኑ ቀጠሮ ያለው መሆኑ ነው፤ ሦስት ቀን፥ አርባ፥ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘንተኛውን ቀስ በቀስ ወደ ሥራውና ወደ ሰው ይመልሰዋል። ሙስሊሞችም ሐዘንተኛን የሚያጽናኑበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። የዛሬ ጥናቶችም ከአደጋ በኋላ የወገን ድጋፍ ማግኘት ከሕመሙ ከሚጠብቁት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ መሆኑን ያረጋግጣሉ።

የተፈናቀለ ሰው ግን መርዶውን በስልክ ይሰማል። ዕድሩ በተወው ቀበሌ ቀርቷል፤ ጎረቤቱ ተበትኗል፤ አስከሬኑ አልተቀበረም፤ ለተዝካር የሚሆን እህል የለም። ከዚህም የባሰው ቁርጡን አለማወቅ ነው፤ ልጇ ይሙት ይኑር ያላወቀች እናት ልታለቅስም ልትጽናናም አትችልም።

ያልተለቀሰለት ሙት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዘረት ዋሻ የነበሩትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ አጠቃ፤ እጃቸውን የሰጡትንም ብዙ ወንዶች ረሸነ። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ቆይተው ወደ ዋሻው የገቡ አጥኚዎች የሰው አፅም ሳይቀበር አገኙ። ሆኖም የአገሩ ልማድ ለዚህም መላ ነበረው፤ አስከሬን በሌለ ጊዜ የሟቹን ልብስና መሣሪያ፥ በኋላም ፎቶግራፉን አቁሞ ማልቀስ የታወቀ ነው።

ስለ መዳን ጁዲት ኸርማን ሦስት ደረጃ ታስቀምጣለች፤ እነዚህም ደኅንነት፥ አስታውሶ ማዘን፥ ወደ ሰው መመለስ ናቸው። ቅደም ተከተሉ መሠረታዊ ነው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ያየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስተረክ እንደማይጠቅም በጥናት ታይቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም አይመክረውም። በአንጻሩ በኡጋንዳ በናኪቫሌ የስደተኞች ሠፈር፥ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ፥ ሐኪም ያልሆኑ አማካሪዎች፥ ሕመምተኛው የሕይወቱን ታሪክ በተራ እየነገረ እንዲያስተካክል በመርዳት ሕመሙን በጉልህ ቀንሰውለታል፤ ጥናቱም በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። መጠይቅ ይዘን ወደ መጠለያ ስንገባ፥ ምን አየሽ፥ ማን ሞተብሽ ብለን እንጀምራለን፤ መልሱን ጽፈን እንወጣለን። በማግስቱ ሌላው መጥቶ ያንኑ ይጠይቃል። ይህ መርዶ ነጋሪ ከሌለው መርዶ አይለይም፤ ቁስሉን ከፍቶ የሚሄድ ነውና። ስለዚህ ከጥያቄያችን በፊት ሴትዮዋ በሰላም የምታድርበት ቦታ መኖሩን፥ አብሯት የሚቀመጥ ሰው መኖሩን፥ ለሙቷም አልቅሳ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ለመናገር ካልፈቀደችም ዝምታዋን ማክበር ግዴታችን ነው።

ይህን ስንል ልማድ ብቻውን ሁሉን ይፈውሳል ማለታችን አይደለም። ለወራት እንቅልፍ ያጣ፥ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ጠበል የሚጠመቅም ሁለቱን አንድነት ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ሐኪሞቻችን ጥቂቶች፥ ሐዘንተኞቻችን ብዙዎች ናቸው። በየመጠለያው ዕድር እንደገና ቢቋቋም፥ ለለቅሶ የሚሆን አንድ ድንኳንና አንድ ቀን ቢፈቀድ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። አባቶቻችን ክፉ ወሬ ለብቻው ሰው እንዳይነገር ያደረጉት በከንቱ አልነበረም።